አብራሪው ይታጠቅ ወይስ በሩ ይጠበቅ?

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ማታ ለውይይት የቀረበልን ጥያቄ «የመንገደኛ አይሮፕላን አብራሪዎች ሽጉጥ ይታጠቁ ዘንድ ይገባልን?» የሚል ነው። ጥያቄው ሲሰሙት አጭር ነው፤ «አዎን» ወይም «አይገባም» ብሎ መቀመጥ የሚበቃ ይመስላል። ነገር ግን ተሰብስበን በመረመርነው መጠን፥ ከዚህች አጭር ጥያቄ በስተኋላ ሌላ ከባድ ጥያቄ ተሸሽጎ አገኘን። ይኸውም፥ የሁለትና የሦስት መቶ ሰው ነፍስ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ በተቀመጡ ሁለት ሰዎች እጅ በሚወድቅበት ጊዜ፥ እነዚያን ሁለት ሰዎች ከማን እንጠብቃቸው? እኛስ በማን እንተማመን? የሚለው ነው።

ይህ ነገር የሩቅ አገር ሰዎች ጭንቀት ነው የሚል ቢኖር፥ እንዲህ አይደለም እንለዋለን። የአገራችን አየር መንገድ በዚህ ረገድ ያየው መከራ ብዙ ነው፤ ለመላው ዓለም የአቪዬሽን ትምህርት ቤቶች ምሳሌ ሆኖ የሚጠቀስ አደጋም ደርሶበታል። ከዚህም በላይ፥ ዛሬ በዚህ አዳራሽ ከተቀመጡት መካከል ነገ አብራሪ፥ መሐንዲስ፥ ሐኪም ወይም ሕግ አውጪ የሚሆኑ አሉ። ስለዚህ ነገሩን በጨዋታ ሳይሆን በቁም ነገር እንድትሰሙን እንለምናለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውንም አስቀድመን እናስታውቃለን።

በመጀመሪያ የበሩን ታሪክ በአጭሩ እንመልከት። በ1964 ዓመት በግንቦት ወር በአሜሪካ አገር፥ በካሊፎርኒያ ሰማይ ላይ ሲበር የነበረ አንድ አነስተኛ የመንገደኛ አይሮፕላን ውስጥ፥ መሣሪያ ይዞ የተሳፈረ ሰው ሁለቱን አብራሪዎች ተኩሶ ገደለ። አይሮፕላኑም ወድቆ የተሳፈሩት 44 ሰዎች በሙሉ አለቁ። ከዚህ በኋላ የአብራሪዎቹ ክፍል በር በበረራ ጊዜ እንዲቆለፍ የሚያዘው ደንብ ሥራ ላይ ዋለ። ይሁን እንጂ ያን ጊዜ የተቆለፈው በር ስስ ነበር፤ ጉልበት ያለው ሰው በእግሩ ቢመታው የሚከፈት ነበር።

በሩ ስስ የሆነበት ምክንያት ከስንፍና ብቻ የመጣ አልነበረም። በዚያ ዘመን የነበረው ጠላፊ በአብዛኛው የሚፈልገው ወደ አንድ አገር መሄድ፥ ገንዘብ ማግኘት ወይም አቤቱታውን ለዓለም ማሰማት ነበር። ስለዚህ አብራሪዎችና አስተናጋጆች ሲሠለጥኑ፥ «ጠላፊ ቢመጣ አትታገሉት፤ የሚለውን እሺ በሉ፤ አይሮፕላኑን በደኅና አሳርፉ፤ የቀረውን በምድር ያሉት ይጨርሱታል» ተብለው ይማሩ ነበር። ጠላፊው ራሱ ለመኖር እስከፈለገ ድረስ ይህ ምክር ብዙ ሰው አድኗል።

እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 2001 ግን ይህን ሁሉ ሐሳብ በአንድ ጠዋት አፈረሰው። 19 ሰዎች ስለትና ማስፈራሪያ ብቻ ይዘው አራት አይሮፕላኖች ጠለፉ፤ ወደ 3000 የሚጠጋ ሕዝብም አለቀ። ጠላፊዎቹ ወደ አንድ አገር ለመሄድ አልፈለጉም፤ የፈለጉት መሪውን ራሱን ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፥ ዓለም በሩን ማጠንከር የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፥ ከኅዳር 1 ቀን 2003 ጀምሮ ከ60 መንገደኛ በላይ የሚጭኑ ወይም ክብደታቸው ከ45,500 ኪሎ የሚበልጥ የመንገደኛ አይሮፕላኖች ሁሉ፥ የሽጉጥ ጥይትና የቦምብ ፍንጣሪ የሚቋቋም፥ በኃይል የማይሰበር በር እንዲኖራቸው ደነገገ።

አሜሪካውያን ግን በበሩ ብቻ አልረኩም። በ2002 ዓመት በኅዳር ወር በወጣው ሕግ፥ በፈቃዳቸው የሚቀርቡ አብራሪዎች በመንግሥት ሠልጥነው፥ ቃለ መሐላ ፈጽመው፥ በአብራሪው ክፍል ውስጥ ሽጉጥ እንዲይዙ ፈቀዱ። የመጀመሪያዎቹ 44 አብራሪዎች በ2003 ዓመት በሚያዝያ ሥልጠናቸውን ጨረሱ፤ ከዚያም ወዲህ በሺህ የሚቆጠሩ ተከትለዋቸዋል። ስለዚህ የዛሬው ጥያቄያችን በሐሳብ ብቻ ያለ አይደለም፤ በተግባር የተሞከረ ነው።

እንግዲህ መታጠቅን የሚደግፉ ሰዎች የሚያቀርቡትን ምክንያት፥ ሳናሳንስና ሳናጣምም እንናገር፤ የተቃዋሚውን ቃል አጣሞ መርታት ለተማሪ አያምርምና።

አንደኛ፤ በሩ ምንም ቢጠነክር ለዘለዓለም ተዘግቶ አይኖርም ይላሉ። ረጅም በረራ ላይ አብራሪው ይበላል፥ ይጠጣል፥ ወደ መጸዳጃ ይሄዳል። በሩ በተከፈተባት በዚያች ቅጽበት የሚገባውን ሰው ማን ይመልሰዋል?

ሁለተኛ፤ ከ2001 ወዲህ የተጠለፈ አይሮፕላን ከተማ ላይ እንዳይወድቅ በራሱ መንግሥት የጦር አይሮፕላን ሊመታ የሚችልበት ጊዜ አለ። መንግሥት መንገደኞቹን ከነአይሮፕላኑ ለመምታት ከተዘጋጀ፥ ለአብራሪው አንድ የመጨረሻ መከላከያ መንፈጉ ምን ፍርድ ነው?

ሦስተኛ፤ ጠላፊው የትኛው አብራሪ እንደታጠቀ ስለማያውቅ ሁሉንም ይፈራል፤ ስለዚህ ጥቂቶቹ በመታጠቃቸው ሌሎቹም ይጠበቃሉ።

እነዚህ ምክንያቶች የሚናቁ አይደሉም። መልሳችንን ግን ከራሳችን አገር ታሪክ እንጀምር።

ኅዳር 23 ቀን 1996 የኢትዮጵያ አየር መንገድ ንብረት የሆነ ቦይንግ 767፥ 175 ሰዎችን ጭኖ ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ተነሣ። ብዙም ሳይበር ሦስት ሰዎች ወደ አብራሪዎቹ ክፍል ዘለው ገቡ። ረዳት አብራሪውን ዮናስ መኩሪያን ደብድበው ከክፍሉ አስወጡት። ዋናውን አብራሪ ካፒቴን ልዑል አባተን ወደ አውስትራሊያ እንዲበሩ አዘዟቸው። ካፒቴኑ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ጠለፋ የደረሰባቸው ሰው ነበሩ። ነዳጁ ለናይሮቢ መንገድ እንጂ ውቅያኖስ ለመሻገር እንደማይበቃ ደጋግመው ቢያስረዱም፥ ጠላፊዎቹ አላመኑም። በመጨረሻም ነዳጁ አለቀ፤ ሁለቱም ሞተሮች ጠፉ። ካፒቴን ልዑል ሞተር የሌለውን አይሮፕላን እያንሳፈፉ፥ በኮሞሮስ ደሴቶች የባሕር ዳርቻ አጠገብ ውሃ ላይ አሳረፉት። 125 ሰዎች ሞቱ፤ ሁለቱ አብራሪዎች ያሉባቸው 50 ሰዎች ተረፉ።

«እንግዲያው ካፒቴን ልዑል ሽጉጥ ቢኖራቸው ኖሮስ?» ይላል ተከራካሪያችን። እኛም ይህንኑ ጠይቀናል። ከአደጋው ዝርዝር ውስጥ ግን አንድ ነገር ዓይናችንን ያዘው። ሦስቱ ጠላፊዎች በእጃቸው የነበረው መሣሪያ ምን ነበር? መጥረቢያና የእሳት ማጥፊያ። ከወዴት አመጡት? ከአይሮፕላኑ ውስጥ ያገኙት ነው! መጥረቢያው እሳት ቢነሣ አብራሪዎቹ ሰብረው እንዲወጡበት በዚያው በክፍላቸው የተሰቀለ ነበር። ለማዳን የተቀመጠው ዕቃ፥ ቀድሞ በያዘው ሰው እጅ ማስፈራሪያ ሆነ።

የክርክራችን ዋና ነጥብ ይህ ነው። በአብራሪው ክፍል ውስጥ ያለ መሣሪያ የአብራሪው አይደለም፤ ክፍሉን ያሸነፈ ሰው መሣሪያ ነው። አብራሪው ፊቱን ወደ መስኮቱ፥ ጀርባውን ወደ በሩ አድርጎ፥ በቀበቶ ታስሮ፥ እጁን መሪ ላይ አኑሮ የሚሠራ ሰው ነው። ሦስት ሰዎች በድንገት ከኋላው ቢገቡበት፥ ቀበቶውን ፈትቶ፥ ዞሮ፥ ሽጉጡን አውጥቶ፥ የሥራ ባልደረባውን ሳይመታ ለመተኮስ የሚያገኘው ጊዜ ስንት ሰከንድ ነው? ባይሳካለት፥ መጥረቢያ ይዞ የመጣው ጠላፊ ሽጉጥ ይዞ ይቀራል።

ተከራካሪዎቻችን በ1994 ዓመት በአሜሪካ በአንድ የጭነት አይሮፕላን ላይ የደረሰውንም ይጠቅሳሉ። የኩባንያው ሠራተኛ የነበረ ሰው በነጻ ተሳፍሮ፥ ሦስቱን የበረራ ሠራተኞች በመዶሻ ደበደባቸው። እነርሱም መሣሪያ ሳይኖራቸው፥ አንዱ አይሮፕላኑን ወዲያና ወዲህ እያገላበጠ ሌሎቹ እየታገሉ፥ ክፉኛ ቆስለው አሸነፉት፤ በደኅናም አረፉ። «ሽጉጥ ቢኖራቸው ያን ያህል ባልቆሰሉ» ቢባል፥ ይሆን ይሆናል። ነገር ግን ያ ሰው ራሱ የበረራ ሠራተኛ እንደነበረ አንርሳ። ሽጉጥ ለበረራ ሠራተኛ ይሰጥ ከተባለ፥ ለእርሱም ሊደርሰው ይችል ነበር።

ጥይት የአይሮፕላንን አካል ቢበሳ ምን ይሆናል የሚለውንም ጠይቀናል። በሲኒማ እንደምናየው አይሮፕላኑ ወዲያው አይፈነዳም። በሰማይ ላይ የክፍሉ አየር ከ2400 ሜትር ከፍታ አየር የሳሳ እንዳይሆን ተደርጎ ይጠበቃል፤ ይህ በአዲስ አበባ ከምንተነፍሰው ጋር የሚቀራረብ ነው። በአንዲት የጥይት ቀዳዳ የሚወጣውን አየር ማሽኑ ሊተካው ይችላል። ፍርሃታችን ስለ ቀዳዳዋ አይደለም። ከአብራሪው ግራና ቀኝ፥ ከፊቱም ከራሱም በላይ፥ መስታወት፥ መሣሪያና የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው። ጥይት የማይጎዳው ስፍራ በዚያ ክፍል ጥቂት ነው።

ይህም ግምት ብቻ አይደለም። በመጋቢት ወር 2008 ከዴንቨር ወደ ሻርሎት ይበር በነበረ የአሜሪካ የመንገደኛ አይሮፕላን ላይ፥ ሠልጥኖ የታጠቀው አብራሪ ለማረፍ ሲዘጋጅ ሽጉጡን ለማስቀመጥ ሞከረ። ደንቡ ሽጉጡ ሰገባው ውስጥ ሳለ ቁልፍ እንዲደረግበት ያዝ ነበር። በዚህ መካከል ሽጉጡ ባረቀ፤ ጥይቱም የክፍሉን ግድግዳ በስቶ ወጣ። ሰው አልተጎዳም። በዚያ ቀን ጠላፊ አልነበረም፤ ጠብ አልነበረም፤ የነበረው ሽጉጡ ብቻ ነው። ጠለፋ በብዙ ሚሊዮን በረራ አንድ ጊዜ የሚደርስ ነገር ነው፤ ሽጉጡ ግን በየበረራው ይወጣል፥ ይገባል፥ ይቆለፋል። ከአደጋው ይልቅ መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ ይነካል ማለት ነው።

«እንግዲያው መሣሪያ በአይሮፕላን ላይ ፈጽሞ አይኑር ነውን የምትሉት?» ብትሉን፥ አይደለም። አብራሪንና ጠባቂን ለዩ ነው የምንለው። በ1970 ዓመት ከአምስተርዳም ወደ ኒውዮርክ ይበር የነበረ የእስራኤል አይሮፕላን ሊጠለፍ ሲል፥ አብራሪው ሽጉጥ አልመዘዘም፤ አይሮፕላኑን በድንገት ቁልቁል አዘቅዝቆ ቆመው የነበሩትን ጠላፊዎች ሚዛን አሳጣቸው። የተኮሰው ሌላው፥ ለዚሁ ሥራ የተመደበው ጠባቂ ነው። የአብራሪ መሣሪያው መሪው መሆኑን ከዚህ እንማራለን።

በአገራችንም ይህ ታይቷል። ታኅሣሥ 8 ቀን 1972 ከአዲስ አበባ የተነሣውን ቦይንግ 720 ለመጥለፍ ሰባት ወጣቶች ተነሡ። ከእነርሱ መካከል በተማሪዎች እንቅስቃሴ ስማቸው የታወቀው ዋለልኝ መኮንንና ማርታ መብራህቱ ነበሩ። ስለ ዓላማቸው በዚህ አዳራሽ ልዩ ልዩ አስተያየት እንዳለ እናውቃለን፤ ዛሬ የምንፈርደው በእርሱ ላይ አይደለም። በአየር ላይ የሆነውን ብቻ እንመልከት። የጸጥታ ጠባቂዎች ተኮሱ፤ የእጅ ቦምብ ፈነዳ፤ የአይሮፕላኑ ክፍል ተጎዳ፤ ከሰባቱ ስድስቱ ሞቱ፤ ሌሎችም ቆሰሉ። በዚያ ሁሉ መካከል አብራሪዎቹ እጃቸውን ከመሪው ስላላነሡ፥ የቆሰለው አይሮፕላን ተመልሶ አዲስ አበባ አረፈ። አብራሪው ለመታኮስ ተነሥቶ ቢሆን ኖሮ፥ የተጎዳውን አይሮፕላን ማን ይመልሰው ነበር? እኛ ተማሪዎች ደግሞ ከዚህ ሌላ ነገር ልብ ልንል ይገባናል፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ፥ በሰማይ ላይ፥ ጥይት ሲተኮስ ወገን ለይቶ አይመታም።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ እንመጣለን። እስካሁን የተናገርነው ጠላት ከበሩ ውጭ ነው ብለን ነው። በውስጥ ቢሆንስ?

በ2013 ዓመት በኅዳር ወር ከማፑቶ ወደ ሉዋንዳ ሲሄድ የነበረ የሞዛምቢክ አይሮፕላን ናሚቢያ ውስጥ ወደቀ፤ 33 ሰዎች ሞቱ። ረዳት አብራሪው ለጥቂት ጊዜ ሲወጣ፥ ዋናው አብራሪ በሩን ዘግቶ አይሮፕላኑን ሆን ብሎ እንዳወረደው ምርመራው አሳየ። በ2014 ዓመት በየካቲት ወር ከአዲስ አበባ ወደ ሮም የሚሄድ የአገራችን አይሮፕላን ዋና አብራሪ ወደ መጸዳጃ እንደወጡ፥ ረዳታቸው በሩን ቆልፎ አይሮፕላኑን ወደ ጄኔቫ ወሰደው። ያረፈው በሰላም ስለሆነ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ከ200 በላይ ሰዎች ያለ ጉዳት ወረዱ። በ2015 ዓመት በመጋቢት ወር ግን ከባርሴሎና ወደ ዱሴልዶርፍ በሚበር የጀርመን አይሮፕላን ላይ ረዳት አብራሪው ይህንኑ አድርጎ፥ አይሮፕላኑን በፈረንሳይ ተራራ ላይ ከሰከሰው፤ 150 ሰዎች አለቁ። ዋናው አብራሪ ከውጭ በሩን እየደበደበ ነበር፤ በሩ ግን አልተከፈተም። ምክንያቱም በሩ እንዳይከፈት ሆኖ ተሠርቷል።

እዚህ ላይ ሽጉጥ ምን ይሠራል? በውጭ የቀረው አብራሪ ሽጉጥ ቢኖረው፥ በሩ ጥይት እንዲቋቋም የተሠራ ስለሆነ አይከፍትለትም። በውስጥ ያለው ሽጉጥ ቢኖረው ደግሞ፥ ባልደረባው እስኪወጣ መጠበቅ እንኳ አያስፈልገውም። ስለዚህ በዚህ በኩል ሽጉጥ ደጉን አይረዳም፤ ክፉውን ግን ይረዳል።

ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ ይላሉ አባቶቻችን። የጀርመኑን አደጋ የመረመሩት ፈረንሳውያን ባለሙያዎች፥ ረዳት አብራሪው የአእምሮ ሕመም እንደነበረበትና ሐኪሞች እንዳዩት፥ ነገር ግን ሕመሙን ለአየር መንገዱ እንዳልገለጸ አረጋገጡ። አብራሪ የሆነ ሰው ታመምኩ ቢል ፈቃዱን ያጣል፤ ፈቃዱን ቢያጣ እንጀራውን ያጣል፤ የትምህርት ዕዳም ሊኖርበት ይችላል። ስለዚህ ይደብቃል። ሕመሙን የሚደብቅ ሰው በብረት በር ውስጥ ብቻውን ሲቀመጥ፥ የበሩ መጠንከር ለመንገደኛው ጥበቃ መሆኑ ይቀራል። የአውሮፓ ኅብረት ይህን አይቶ በ2018 ዓመት፥ አብራሪዎች ከመቀጠራቸው በፊት ጠባያቸውና አእምሯቸው እንዲመረመር፥ ችግር ሲገጥማቸውም በባልደረቦቻቸው በኩል ያለ ፍርሃት የሚረዱበት ዘዴ እንዲቋቋም ደንብ አወጣ። ከሽጉጥ ይልቅ ይህ ሥራ ብዙ ነፍስ ያድናል ብለን እናምናለን።

ስለዚህ መቃወም ብቻ እንዳይሆንብን፥ በበኩላችን የሚከተለውን ሐሳብ እናቀርባለን።

አንደኛ፤ ጥበቃ የሚጀምረው በምድር ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፥ ስለት፥ ቦምብና ሽጉጥ የሚያዘው በፍተሻው ጠረጴዛ ላይ እንጂ በ10,000 ሜትር ከፍታ አይደለም። ፈታሹ በሚገባ የሠለጠነ፥ በቂ ደመወዝ የሚከፈለው፥ ማንንም ስለ ሹመቱ ወይም ስለ ዘመድነቱ የማያሳልፍ ሊሆን ይገባል። የአየር መንገድ ሠራተኛም ሳይፈተሽ አይለፍ።

ሁለተኛ፤ በሩ የሚከፈትበትን ቅጽበት መጠበቅ ያስፈልጋል። ለተከራካሪዎቻችን አንደኛ ምክንያት መልሱ ይህ ነው። ዋናው በር ሲከፈት ከፊቱ የሚዘጋ ሁለተኛ መከላከያ ቢኖር፥ ዘሎ የሚመጣ ሰው ይዘገያል፤ በሩን ለመዝጋት ደግሞ ጥቂት ሰከንድ ይበቃል። አሜሪካ በ2023 ዓመት አዲስ በሚሠሩ የመንገደኛ አይሮፕላኖች ላይ ይህ እንዲገጠም የሚያዝ ደንብ አውጥታለች። ለነባሮቹ አይሮፕላኖችም ቢታሰብ እንወዳለን።

ሦስተኛ፤ በክፍሉ ውስጥ ሰው ብቻውን እንዳይቀር የሚለው ደንብ በጥንቃቄ ይታይ። በ2015 ዓመት በአውሮፓ ይህ ምክር ተሰጥቶ ነበር፤ በሚቀጥለው ዓመት ግን ለየአየር መንገዱ ውሳኔ ተለቀቀ። አንዱ ምክንያት አስተናጋጁ ሲገባና ሲወጣ በሩ አብዝቶ መከፈቱ ነው። ሁለተኛው መከላከያ ካለ ይህ ችግር ይቀላል፤ ስለዚህ ሁለቱ ሐሳቦች አብረው መሄድ አለባቸው።

አራተኛ፤ አስጊ በሆነ መንገድ ላይ መሣሪያ የሚያስፈልግ ከሆነ፥ ለዚሁ የሠለጠነ ጠባቂ ይያዘው፤ አብራሪው ግን ይብረር።

አምስተኛ፤ መንገደኛው ራሱ ይማር። በ1996ቱ አደጋ ከሞቱት ብዙዎቹ፥ አይሮፕላኑ ውሃ ሳይነካ የመንሳፈፊያ ልብሳቸውን በአየር ስለሞሉ፥ ውሃ ሲገባ ወደ ጣሪያው ተንሳፈው መውጣት አቅቷቸው ነው። አስተናጋጇ ስትናገር ጋዜጣ የምናነብ ሰዎች ይህን እናስብ። ደግሞም በታኅሣሥ 2001 በጫማው ቦምብ ይዞ የተሳፈረውን ሰው ይዘው ያሰሩት አስተናጋጆችና መንገደኞች ናቸው፤ አንዳችም ሽጉጥ አልነበራቸውም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛውን ምክንያት፥ ማለት የጦር አይሮፕላኑን ጉዳይ፥ ሳንመልስ አላለፍነውም። መንግሥት ያን አስጨናቂ ትእዛዝ የሚሰጥበት ቀን እንዳይመጣ የሚያደርገው በሩ አለመሰበሩ ነው። በሩ ከጸና አብራሪው ሳይታኮስ ያርፋል፤ ማረፍ ከቻለም የሚመታው የለም። ስለ ሦስተኛውም፥ ጠላፊ ይፈራል ስለተባለው፥ ለመሞት ቆርጦ የመጣን ሰው ሽጉጥ ያስፈራዋል ብለን አናምንም፤ የማይከፈት በር ግን ፈራም አልፈራ ያስቆመዋል።

ውድ ጓደኞቻችን፤ በር፥ ቁልፍና ሽጉጥ ሁሉ የሰውን እጅ ይጠብቃሉ። ጠንካራ በር ስንሠራ፥ በውስጥ ለሚቀመጠው ሰው ያለንን እምነት በሙሉ አስረክበነዋል። ያን ሰው በሚገባ መምረጥ፥ ሲደክመው ማሳረፍ፥ ሲታመም ሳያፍር እንዲናገር ማድረግ የእኛ ግዴታ ነው። ለአብራሪው የሚገባው ተጨማሪ መሣሪያ ሳይሆን፥ ሥራውን ብቻ እንዲሠራ የሚያስችለው ሰላም ነው ብለን ደምድመናል።

ይህን የማይቀበል ካለ በደስታ እንሰማዋለን። መልሱን ጽፎ ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ቢያቀርብ በሚቀጥለው እትም እንዲወጣ አዘጋጆቹን እንጠይቃለን፤ ክርክሩ ገና አልተዘጋምና።